«ፖሊስተር ነው» ተብሎ ስለሚሸጠው ነጭ የጨርቅ ጥቅል፦ ተጠንቀቁ!

ብራና የምትጠግኑ፣ አሮጌ ሰነድ የምትንከባከቡ ወገኖች፣ ይህን ለባልደረቦቻችሁም አድርሱ። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

የአስመጪዎቹን ነገር ታውቁታላችሁ። ናሙና ያሳያሉ፣ ቀብድ ይቀበላሉ፣ «መንገድ ላይ ነው» ይላሉ። ናሙናው የረጠበ ብራና ስናደርቅ የምንጠቀምበት እውነተኛ ሆሊቴክስ የሚባለው ጨርቅ ነበር፦ ልሙጥ፣ ስስ፣ ክሮቹ ያለ ማጣበቂያ በሙቀት ብቻ የተያያዙ ፖሊስተር። ጥቅሉ ሲመጣም የላይኛው ዙር ያው ነው። ወደ ውስጥ ሲተረተር ግን በብርሃን ፊት ጥቃቅን ነጠብጣቦች ተደርድረው ታዩ። የገበያ ቦርሳ የሚሰፋበት ፖሊፕሮፒሊን የሚባለው ሌላ ፕላስቲክ ነው!

ባንኮኒው ላይ ከሁለቱም ቁራጭ ተቆርጦ፣ አየሩ እስኪወጣ በሳሙና ውኃ ታሽቶ ብርጭቆ ውስጥ ገባ። የናሙናው ሰጠመ። የጥቅሉ ጣት ሲለቀው ተመልሶ ተንሳፈፈ፤ ፖሊስተር ከውኃ ይከብዳል፣ ፖሊፕሮፒሊን ግን ይቀላል። ሻጩ ብርጭቆውን አንስቶ ውኃውን ደፋውና «ወንድሜ፣ ሁለቱም ነጭ ጨርቅ ናቸው። ለአሮጌ መጽሐፍ ደግሞ ይሄ አነሰው?» አለ። ረዳቱ ሳቀ። ገንዘብ አይመለስም ተባለ።

አዎ፣ አነሰው! የረጠበ ብራና በሁለት ልሙጥ ጨርቅ መካከል ይገባል፤ ከውጭ መጣጭ ወረቀት፣ ከዚያ ሰሌዳና ክብደት ይጫንበታል። ጨርቁ እርጥበቱን ማሳለፍ፣ የጥገናውን ሙጫ ደግሞ አለመያዝ አለበት። ነጠብጣብ ካለው የለሰለሰው ቆዳ ቅርጹን ይቀበልና ሲደርቅ ይዞት ይቀራል። የእኛ ጥቁር ቀለም ከጥላሸት የሚሠራ፣ ብራናው ላይ የተቀመጠ እንጂ ውስጡ የዘለቀ አይደለም፤ ጨርቁ ጸጉራም ከሆነ የላላውን ፊደል ነቅሎ ይሄዳል። ወረቀት በትንሽ ካውያ ለምትጠግኑ ደግሞ፣ ፖሊስተር የሚቀልጠው 250 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ፖሊፕሮፒሊን ግን 160 አካባቢ ቀልጦ ሰነዱ ላይ ይለጠፋል። ልብስ ሰፊዎች ኮሌታ የሚያጠነክሩበትን እንኳ ሆሊቴክስ ብለው የሚያቀርቡ አሉ፤ እሱማ አንድ ጎኑ የሙጫ ነጠብጣብ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ከጥቅሉ መሃል አስቆርጡና በውኃ ፈትኑት። ደረሰኙ ላይ «100% ፖሊስተር፣ ማጣበቂያ የሌለው» ብለው ይጻፉላችሁ፤ አንጽፍም ካሉ ትታችሁ ውጡ። ቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ የጠረጴዛ ልባስ አድርጉት እንጂ ከእርጥብ የብራና ቅጠል ጋር ክብደት ሥር አታስገቡት።