ጃኮ የሮቦት ክንድ፦ ጥሩ እጅ፣ አድካሚ ጆይስቲክ

የካናዳው ኪኖቫ ኩባንያ የሚሠራው ጃኮ በኤሌክትሪክ ዊልቸር ጎን የሚታሰር ክንድ ነው። እጃቸው ለማይታዘዝላቸው፣ በጣት ወይም በአገጭ ግን ጆይስቲክ (የመቆጣጠሪያ ዘንግ) መግፋት ለሚችሉ ሰዎች ታስቦ የተሠራ ነው። ስድስት መገጣጠሚያና ሦስት ጣቶች አሉት፤ ክብደቱ 5 ኪሎ አካባቢ ሲሆን እስከ 90 ሴንቲ ሜትር ይዘረጋል። የሚሠራው በዊልቸሩ ባለ 24 ቮልት ባትሪ ስለሆነ በእጅ ለሚገፋ ዊልቸር አይሆንም።

ሙሉ በሙሉ ሲዘረጋ 1.3 ኪሎ ገደማ ያነሳል። የአንድ ሊትር ውሃ አያስቸግረውም፤ ባለ ሁለት ሊትሩ ግን ከአቅሙ በላይ ነው።

በጣም ያስደሰተን የመጠጫ ሞዱ፣ ማለትም ለመጠጣት የተዘጋጀው የአሠራር ሁኔታ ነው። ብርጭቆው ሲዘነበል የሚዞረው በእጅ አንጓው ዙሪያ ሳይሆን በብርጭቆው ከንፈር ዙሪያ ነው፤ ስለዚህ ጠርዙ ከአፍ ሳይርቅ መጠጡ ቀስ እያለ ይወርዳል። ልኬቱ የሚስተካከለው ለአንድ መጠጫ ነው፤ ከብርጭቆ ወደ ሲኒ ሲቀየር እንደገና ካልተስተካከለ ቡናው ደረት ላይ ይፈሳል።

ትልቁ ችግር ሞድ መቀያየሩ፣ ማለትም ጆይስቲኩ የሚያዘውን እንቅስቃሴ በየጊዜው መለወጡ ነው። ተራ ጆይስቲክ በአንድ ጊዜ ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ ያዛል፤ ክንዱ ደግሞ ስድስት አለው፣ ጣቶቹ ሳይቆጠሩ። ሲኒ ለማንሳት መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ጎን፣ ሞድ ቀይሮ ወደ ታች፣ ቀይሮ አንጓውን ማስተካከል፣ ቀይሮ ጣቶቹን መዝጋት ነው። ሞዱን የተሳሳተ ሰው ክንዱን አወርዳለሁ ሲል አንጓውን ያዞረዋል። የአሜሪካው ካርኔጊ ሜሎን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ጥናት፣ የአካል ጉዳት የሌለባቸው ሰዎች እንኳ የዚሁ ኩባንያ ክንድ ሲያንቀሳቅሱ ከጊዜያቸው 17 ከመቶ ያህሉን ያጠፉት ሞድ በመቀያየር ነው። ንድፍ አውጪዎች ጉልበት ከመጨመራቸው በፊት ይህን ቢያቀሉ ተጠቃሚው እጅግ ይጠቀማል።

እንጀራ መቁረስ ለእነዚህ ጣቶች ከባድ ነው። ጠቅልሎና ቆራርጦ በሹካ ማንሳት ይቀላል፤ የሹካው እጀታ ቀጭን ሆኖ እንዳይሽከረከር ወፍራም ስፖንጅ ይጠቅለልበት።

መገጣጠሚያዎቹ ፍሬን የላቸውም። ኃይል ሲቋረጥ ክንዱ ስለሚወድቅ፣ ኃይሉን ከማጥፋት በፊት ክንዱን አጥፎ ማሳረፍ ወይም በእጅ መደገፍ ግድ ነው።

ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር ስለሚቆጠር፣ ከመግዛት በፊት ተጠቃሚው በራሱ ዊልቸርና በራሱ ጆይስቲክ ይሞክረው። የቤቱም በሮች ይለኩ፤ ክንዱ ታጥፎም ቢሆን የዊልቸሩን ወርድ ይጨምራል።