የባለቤቴን ሰባ ዓመት ላሳመረችልን የኮምቦልቻ ልጅ

ባለቤቴ ኅዳር 21 ቀን 2018 ዓ.ም. ሰባ ዓመት ሞላው። ኬኩን የሠራችልን አንዲት የኮምቦልቻ ልጅ ናት፤ ይህን የምጽፈውም እሷን በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስሜን እንዳይጽፉ ብላ ለምናኛለች። ቤቷ ውስጥ ብቻዋን ነው የምትጋግረው፤ ሰው ከጎረፈብኝ አልችለውም ብላ ትፈራለች። እሺ፣ ስም የለም። ምስጋናው ግን አይቀርም። ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። በዕለቱ አላህ ይስጥሽ ያሉሽም ብዙ ነበሩ፤ ሁለቱንም ተቀበይ።

ሰውዬውን ለማታውቁት ትንሽ ልበል። ዕድሜውን ሙሉ አውራ ጎዳና የግሬደር ኦፕሬተር ነበር። በኩታበር በኩል፣ በወረኢሉ በኩል፣ ጎርፍ የበላውን ሲያስተካክል፣ ናዳ የዘጋውን ሲጠርግ ኖሮ በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ። ሕጉ ስልሳ ሲሞላህ ውጣ ይላል፤ የሱ ሰውነት ግን ሕጉን አልሰማም። ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ይነሳል፣ ጫማውን ያጠልቃል፣ ጋቢውን ደርቦ የውጭ በር ላይ ይቆማል። የሚወስደው መኪና የለም። እኔ ያኔ ገና አስተማሪ ነበርኩ። ማታ ደክሞኝ ስገባ የሽሮዬና የበርበሬዬ ጣሳ ቦታ ተለዋውጦ አገኘዋለሁ። «በመጠን በመጠናቸው ደረደርኩልሽ» ይለኛል። ለጎረቤት በር የማይዘጋ ካለ እሱ ነው የሚያስተካክለው፤ ባይጠሩትም ይሄዳል።

ከዚያ እኔም ጡረታ ወጣሁና አረፍኩት! ይህን ሁሉ ዓመት በትዳር ስንኖር ለካ ሙሉ ቀን ተያይተን አናውቅም ነበር። እሱ መስክ፣ እኔ ክፍል። የመጀመሪያውን ዓመት በጣሳ ስንጨቃጨቅ ጨረስነው። ያስታረቀን የልጅ ልጃችን ነው። ጠዋት ትምህርት ቤት የሚያደርሰው አያቱ፣ ከሰዓት የሚያመጣው አያቱ። እዚህ ደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሲሄዱ በየመንገዱ ጉድጓዱን እያሳየ ያስተምረዋል፤ «ይኸ እንዲህ የሆነው ውሃ መውረጃው ተዘግቶ ነው» እያለ። ልጁ አሁን ቤት ውስጥ ውሃ በፈሰሰ ቁጥር መውረጃው የታለ ይላል።

የኛ ዘመን ሰው ልደት አያውቅም። የምናውቀው ገናንና መውሊድን ነው። ያም ሆኖ የሱን ቀን እናውቀዋለን፤ እናቱ፣ ነፍሷን ይማርና፣ የእስላም ልጅ ሆና ሳለ «የጽዮን ለት፣ ደወል ሲደወል ነው የወለድኩት» ትል ነበር። ዓመቱ በመሥሪያ ቤቱ ፋይል 1948 ተብሎ ተጽፏል። ልክ ይሁን አይሁን እንጃ፤ ጡረታ ያወጣውም ያው ፋይል ስለሆነ አምነን ተቀብለነዋል።

ልጆቹ ናቸው አይሆንም፣ ይከበራል ያሉት። ምክንያት አላቸው። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ ቤቱን ዘግተን ወጥተን ነበር፤ ስንመለስ አልበሙ የለም። የሰርጋችን ፎቶ፣ እሱ በጎልማሳነቱ ግሬደሩ ላይ ቆሞ የተነሳው፣ ልጆቹ ክርስትና ሲነሱ፣ ሁሉም ሄደ። ዕቃው ይተካል፣ ፎቶ ከየት ይመጣል? ስለዚህ «አባዬ ሰባ ዓመቱን ከነዘመዱ ሳይነሳ አይቀርም» አሉ። ወጪውም የነሱ ነው፤ በጡረታ ደሞዝ ድግስ አይታሰብም።

ቀኑ እሑድ መዋሉ ጥሩ ነበር። ግን ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ የኛ ወገን ጾመኛ ነው። ከኩታበር የሚመጡት የእናቱ ወገኖች ደግሞ እስላም ናቸው። ወሎ ውስጥ ይኸ ማንንም አያስጨንቅም። ለነሱ ጎረቤታችን ሐጂ ቢስሚላህ ብለው በግ አረዱላቸው፣ በየራሱ ድስት፣ በየራሱ ቢላ ተሠራ፤ ለኛ ደግሞ በየአይነቱ። ከአያቶቻችን ጀምሮ ያደግንበት ነው። ያስጨነቀኝ ኬኩ ነው። ኬክ አንድ ነው፣ የሚቆረጠውም በአንድ ቢላ ነው።

ደግሞ በኬክ ከዚህ ቀደም ተቃጥለናል። የልጅ ልጃችን ክርስትና በፍልሰታ ውስጥ ውሎ ነበር። ኬክ ስናዝ የጾም መሆኑን ደጋግሜ ጠየቅኩ። «የጾም ነው እማማ፣ አይጠራጠሩ» ተባልኩ። ታላቅ እህቴ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ፍልሰታን ገድፋ አታውቅም። እኔው ነኝ ግድ የለሽም፣ የጾም ነው ብዬ ያቀረብኩላት። አንዴ እንደቀመሰች ፊቷ ተለወጠ። ቅቤው ታወቃት። ምንም ሳትናገር በመሐረቧ ተፍታ፣ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች፤ ስታለቅስ ነው ያገኘኋት። በማግሥቱ ሄጄ ስጠይቅ ሰውዬው ሳቀብኝ። «ትንሽ ነገር ናት፣ ምን ለውጥ አለው?» አለኝ። ምን ለውጥ አለው! ገንዘቡን ሲቆጥር ግን አንዲት ብር ብትጎድል ለውጡ ይታወቀው ነበር። እትዬ ከዚያ ወዲህ በጾም ከቤቷ ውጭ እህል አትቀምስም ነበር።

ሌላው ጋ ደግሞ ለሌላ ዝግጅት ቀብድ ከፍለን በዕለቱ ስልኩ ተዘጋ። ዘንድሮም ስንጠያይቅ አንዱ «የፍስኩን ውሰዱ፣ ማን ያውቃል» አለኝ፣ ያለ ምንም ኀፍረት። ማን ያውቃል ይላል እንዴ ሰው? ስማቸውን አልጠራም፤ ራሳቸው ያውቁታል። ብቻ ሁሉም ስልክ ሲያነሱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ስንት ኪሎ?»

ይቺን ልጅ ያገኘናት በምራቴ የሥራ ባልደረባ በኩል ነው። ደውዬ ኪሎውን ልነግራት ስጀምር «ይቆዩ እማማ፣ ኪሎው ላይ እንደርሳለን። ማን ማን ነው የሚበላው?» አለችኝ።

ልብ በሉ፣ ማን ማን ነው የሚበላው። ይህን የጠየቀኝ ኬክ ሠሪ አልነበረም። ደስ ብሎኝ ሁሉንም ዘረገፍኩላት። የእትዬን ታሪክ ነገርኳት፣ ኩታበሮቹን ነገርኳት፣ ባሌ ጣሳ እንደሚደረድር ሳይቀር ነገርኳት መሰለኝ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝና «እንግዲያው እንቁላልም፣ ወተትም፣ ቅቤም አይገባበትም፤ አንዳንዱ ለሽታ ብሎ የሚጨምራት መጠጥም አትገባም፤ ለእስላሞቹ አይሆንም። አብሽሩ እማማ፣ ሁሉም ካንዱ ይበላል» አለች። ኬክ ውስጥ መጠጥ እንደሚገባ እኔ የሰማሁት ያኔ ነው። ቀብድም አልጠየቀችኝም፤ የዱቄቱንና የዘይቱን ብቻ ላኩልኝ አለች።

ያለ እንቁላል እንዴት እንደሚነፋ ጠይቄያት አስረድታኛለች። ኮምጣጤ ምናምን አለችኝ። እኔ ኮምጣጤ ሲባል የሚታየኝ ሰላጣ ነው፤ አልገባኝም። ብቻ ነፍቷል።

ሐረጎን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን መሀሉ ሐረጎ ነው። ጣሊያን ካወጣው ጀምሮ እንደተጠማዘዘ ያለ ዳገት ነው፤ ሰውም ሆዱ ይገለበጣል፣ እንኳን ክሬም። ልጅቷ ለዚያም አስባበታለች። ኬኩን ሳታገጣጥም በየካርቶኑ አድርጋ፣ ሚኒባስ ውስጥ የሁለት ሰው ከፍላ፣ አንዱን ወንበር ለካርቶኖቹ ይዛ መጣች። ትንሿን ካርቶን እስከ ቤታችን ድረስ ከጭኗ አላወረደቻትም። ለወንበሩ የከፈለችውን ልመልስልሽ ብላት አሻፈረኝ አለች። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ገና አልተነሳም ነበር፤ እንደ ቆላ ልጅ ስስ ሹራብ ለብሳ እየተንቀጠቀጠች ገባች። ሻይ ብንሰጣት መጀመሪያ እጄን ልታጠብ አለች።

እትዬ ጥግ ላይ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀምጣለች። ወደ ካርቶኑ አታይም። እባብ ያየ በልጥ በረየ። እኔም ዘንድሮ ቅመሺ ልላት ድፍረቱ የለኝም።

ልጅቷ ክሬሙን ቀባብታ እንደጨረሰች «እትዬ የተባሉት እሳቸው ናቸው?» አለችኝ በሹክሹክታ። ከቦርሳዋ ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ አወጣች። ኬኩን ስታስተካክል ከጎኑ የተቆረጠውን ለእትዬ ብላ ለይታ ይዛ መጥታለች። ሄዳ ፊቷ በርከክ አለች። «እትዬ፣ ያገባሁበትን ልንገርዎ። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ካካዎ፣ ኮምጣጤ፣ ውሃ። የጋገርኩበት መጥበሻም ለጾም ለብቻው ያስቀመጥኩት ነው። እኔም ጾመኛ ነኝ» አለቻት። ከዚያ ቁራሿን ለሁለት ከፈለቻት። ግማሹን ራሷ ጎረሰች፤ ሌላውን ግማሽ በሦስት ጣቷ ይዛ ዝም ብላ ጠበቀች። አልለመነቻት፣ በሞቴ አላለቻት፣ አልማለች።

እትዬ መጀመሪያ የልጅቷን አፍ አየች፤ ስታላምጥ፣ ስትውጥ። ቀጥሎ እጇን አየች። ከዚያ አፏን ከፈተችና ጎረሰች። ቤቱ በሙሉ የሚያያት እሷን ነበር፤ ባለልደቱ ሳይቀር። ቆይታ፣ አጣጥማ፣ «ሌላ የለም?» አለች።

ሳቁ እስከ መንገድ ተሰምቷል።

እንግዲህ ድግሱን ምኑን ልንገራችሁ። ሐጂ ዱአ አደረጉ፣ የንስሐ አባታችን ጸሎት አደረሱ። ባለቤቴ ተናገር ሲባል «ዳዊት ሰባ ዓመት ነው ያለው፤ ከእንግዲህ ያለው ምርቃት ነው» ብሎ ተቀመጠ። ኬኩ በአንድ ቢላ ተቆረጠ። የኩታበሯ አክስቱና እትዬ ካንድ ሰሐን ሲበሉ የተነሱት ፎቶ አሁን ሳሎን ተሰቅሏል፤ የአዲሱ አልበም መጀመሪያ በሉት። ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ እስኪያልቅ ልጅቷን አልለቀቅናትም። እንግዳ መሆኗ ቀርቶ ከምራቴ ጋር ሲኒ ስታጥብ አገኘኋት።

እውነቱን ለመናገር ጽሕፈቷ አያምርም። ኬኩ ላይ «እንኳን አደረሰህ አባታችን» ብላ ስትጽፍ መጨረሻው ላይ ቦታው ጠብቧት ተንጋዷል። ዋጋዋም ከአንዳንዶቹ ከፍ ይላል። ግን ወገኖቼ፣ ሰው የሚከፍለው ለጽሕፈት ነው ወይስ ተረጋግቶ ለመብላት? እኔ እጥፍ ብትለኝም እከፍላታለሁ። የጾም ብላ የጾም የሆነ ነገር የምትሰጥ፣ ጾመኛውንም እስላሙንም እኩል የምታስብ ልጅ ተገኝታለች፤ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ እሷን እዘዙ፣ እሷን እዘዙ። በተለይ ሽማግሌና አሮጊት ያለባችሁ ቤቶች። ወላጆቻችሁ ሰባ፣ ሰማንያ የሚሞላቸውም ነገ ዛሬ አትበሉ።

ጥቂት ነገር ልብ አድርጉ። ብቻዋን ስለሆነች ቢያንስ ከሳምንት በፊት ንገሯት፤ ለነገ አድርሺልኝ ብትሏት አትቀበልም፣ ደግሞም ልክ ናት። መብራት ሲጠፋ ሌሊት ተነስታ ነው የምትጋግረው። ጾሙ እስኪፈታ የጾም ብቻ ነው የምትሠራው፤ ለገና የፍስክ የምትፈልጉ አሁኑኑ ተመዝገቡ፣ እኔ ተመዝግቤያለሁ። ስልኳን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ፈቅዳልኛለች። ከሰዓት በኋላ ደውሉላት፤ ጠዋት እጇ ሊጥ ስለሆነ አታነሳም።