የካምፐራችን መኝታ ቤት ውስጥ ዩኤስቢ የገጠሙልንን ጋሼ አመስግኑልኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ የዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሰዎች። ይሄን ልጽፍ ልጽፍ እያልኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፣ ዛሬ ልጆቹ በጊዜ ስለተኙልኝ ቁጭ ብያለሁ፣ ረዘም ይላል ታገሱኝ።

አምና ያገለገለ ካምፐር ገዛን፣ ያው ፒክአፕ ኋላ የሚጎተተውን። ፎቶውን አገር ቤት ስንልክ አክስቴ "ምነው ቤት አጣችሁ እንዴ?" ብላ ደነገጠች፣ እስካሁንም ለመዝናናት ነው ስንላት ያመነችን አይመስለኝም። ውስጡ አሪፍ ነው፣ ከፊት መኝታ ቤት፣ ከኋላ የልጆቹ ተደራራቢ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሻወር ሁሉ አለው። ችግሩ ሞዴሉ አሮጌ ስለሆነ መኝታ ቤቱ ውስጥ ስልክ የሚሰካበት አንድም ዩኤስቢ የለውም። ተራ ሶኬት አለ፣ ግን እሱን ተዉት።

ለምን ተዉት እንዳልኩ ካምፐር የሌላችሁ ላይገባችሁ ይችላል። ውስጡ ሁለት ዓይነት መብራት ነው ያለው። አንዱ እንደ ቤታችን 120 ቮልቱ ነው፣ እሱ የሚሠራው ካምፑ ያቆመው የመብራት ሳጥን ላይ ስትሰኩት ወይ ጀነሬተር ስታስነሱ ብቻ ነው። ሌላው 12 ቮልት ነው፣ ከባትሪው የሚመጣው፣ አምፖሎቹ፣ የውሃ ፓምፑ፣ የማሞቂያው ፋን በሱ ነው የሚሠሩት። እኛ ደግሞ የምንወደው ቨርጂኒያ ያለውን የሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው፣ እዚያ ፓርኩ ውስጥ ካሉት ካምፖች አንዱም የመብራት መሰኪያ የለውም፣ ጀነሬተርም በተፈቀደ ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ ማታ ላይ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ጌጥ ነው በቃ።

እማዬ ከኛ ጋር ናት፣ መኝታ ቤቱ የሷ ነው፣ እኔና ባለቤቴ የምግብ ጠረጴዛው ወርዶ አልጋ ሲሆን እዚያ ላይ እንጣጠፋለን። እማዬ ደግሞ ያለ ስልኳ አትተኛም፣ ውዳሴ ማርያሙም ስብከቱም እዚያ ላይ ነው፣ ተራራው ላይ ኔትወርክ ስለማይገኝ ከቤት ሳንወጣ ነው ልጆቹን የምታስጭነው፣ ጠዋት ስልኩ ሞቶ ካገኘችው ቀኑን ሙሉ ፊቷ አይፈታም። ባለቤቴ ማታ ማታ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር አስነስቶ አራት ስልክ በተራ በተራ ቻርጅ ሲያደርግ ያመሻል፣ አጠገባችን ያረፉት ፈረንጆች ተጣልተን ያባረርኩት ሳይመስላቸው አልቀረም።

አንድ የካምፐር ጥገና ቦታ ጠየቅን፣ ስሙ ይቅር፣ ስድስት ሳምንት ጠብቁ አሉን፣ ለሁለት ቀዳዳ የጠሩልን ዋጋ ደግሞ ሌላ ባትሪ ይገዛል። ባለቤቴ "ለዚች ነው እንዴ! እኔ እሠራዋለሁ" አለ። ወይ ጣጣዬ!

እሱ ከሚያውቀው የመኪና ሽቦ ተነስቶ ጥቁር ሁልጊዜ ኔጌቲቭ ነው ብሎ ገባበት። ከአልጋው በላይ ያለችውን የማንበቢያ መብራት ፈታ፣ ከኋላዋ አንድ ጥቁር አንድ ነጭ ሽቦ አለ፣ ጥቁሩን ከብረቱ ጋር ሲያገናኘው ቷ! ብሎ ካምፐሩ ግማሹ ጨለመ። ፊውዝ ቀየረ፣ እንደገና ቷ። ሦስተኛ ጊዜ ሽቦዎቹን እንደነበሩ መለሰና ዳሽቦርድ ውስጥ ያገኛትን የመጨረሻዋን ፊውዝ ከተተ፣ መብራቱ በራ፣ "ይኸው ተስተካከለ" አለ፣ እኔም እፎይ አልኩ። ዩኤስቢዋ ግን አልሠራችም። በዚህ ሁኔታ ሁለት ጊዜ ካምፕ ወጣን፣ እማዬም ልጆቹም እዚያ ውስጥ ተኝተው። አሁን ሳስበው ይዘገንነኛል፣ ለምን እንደሆነ ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ፉድ ትራክ ያላት ጓደኛዬ ናት ጋሼን የጠቆመችኝ፣ የሷን መኪና የውስጥ መብራት እሳቸው ናቸው የሠሩላት። ስማቸውን አትጻፊ ስላሉኝ አልጽፍም፣ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ጋራዥ ውስጥ ከልጅነታቸው ጀምሮ የመኪና ኤሌክትሪክ ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፣ እዚህም ከመጡ ረጅም ጊዜ ሆኗቸዋል፣ ሌላ ሥራ አላቸው፣ ይሄን በትርፍ ሰዓታቸው ነው የሚሠሩት። እውነቱን ልናገርና አራት ሰዓት ላይ እመጣለሁ ብለው አምስት ሰዓት አልፎ ነው የመጡት፣ እሱን እወቁት። ግን ከመጡ በኋላ ቡና ይጠጡ ብላቸው እንኳ "መጀመሪያ ፊውዙን አሳዪኝ እስቲ" ነው ያሉኝ።

ሳጥኗን ከፈቱ፣ የእጅ ባትሪ አበሩ፣ ዝም። ከዛ "ይቺን አረንጓዴ ማን ነው እዚህ ያስገባት?" አሉ። ባለቤቴ እጁን ሊያወጣ ምንም አልቀረው እንደ ተማሪ። ለካ እነዚህ ፊውዞች ቀለማቸው ቋንቋ ነው፣ ሰማያዊ 15 አምፕር ነው፣ አረንጓዴ 30 ነው፣ የመኝታ ቤቱ መስመር 15 ነው የሚለው እኛ 30 ሰክተንበታል። ባለቤቴ "ትልቅ ፊውዝ እኮ ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አይበጠስም ብዬ ነው" ሲል ጋሼ ምን አሉት መሰላችሁ፣ "ልጄ፣ ፊውዝ እንዲበጠስ ነው የተሠራው። አንተ ስልኩን የሚጠብቅ መስሎሃል፣ እሱ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ለ15 ነው የተገዛው፣ ነገር ቢነካካ ፊውዙ እምቢ ካለ የሚግለው ሽቦው ነው፣ ሽቦው ደግሞ ያለው እንጨትና ስፖንጅ ውስጥ ነው።" ስፖንጁ ላይ የምትተኛው እማዬ ናት። እኔ ቁጭ አልኩ በቃ፣ እግሬ ከዳኝ።

ያን ቀን ሌላ ምንም ሳይሠሩ ያቺን አረንጓዴ ነቅለው ሰማያዊ ከትተውልን ቢሄዱ እንኳ አመሰግናቸው ነበር።

የሽቦውን ቀለም ነገርም ነገሩን፣ ብዙ ካምፐር ላይ 12 ቮልቱም ቢሆን ጥቁሩ ፖዘቲቭ ነጩ ኔጌቲቭ ነው፣ መኪና ላይ የለመደ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚሳሳተው አሉ። እሳቸው ግን ቀለም አላመኑም፣ ቴስተራቸውን አውጥተው ለኩ፣ 12.7 አለ። ከዛ በፊት የነበረው ሰው ደግሞ ሌላ ነገር ሠርቶበት ሊሆን ይችላል ብለው የሌላውንም አልጋ ጎን ለኩ። መሬት የሚሆነውን "ማሳ" ሲሉ እማዬ ከውስጥ ሰምታ "የምን ማሳ ነው እዚህ አገር ያላችሁ?" አለች፣ እርሻ መስሏት፣ ጋሼ ሳቃቸው ሥራ አስቆማቸው። ልጆቹ ደግሞ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ትራፓኖ እያሉ የጋራዡን ቃል ሁሉ ሲሸመድዱ ዋሉ፣ የስምንት ዓመቱ ልጄ አሁን ስክሪውድራይቨር ማለት ትቷል።

ሥራው ሲጀመር መጀመሪያ የውጭውን ገመድ ነቀሉ፣ ቀጥሎ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈቱ። ሁለቱንም ነው። ባትሪውን ብቻ ፈታችሁ የግቢውን መብራት ከተዋችሁት ኮንቨርተሩ፣ ማለት 120ውን ወደ 12 የሚቀይረው ዕቃ፣ 12 ቮልት መስጠቱን አያቆምም፣ ገመዱን ነቅላችሁ ባትሪውን ከተዋችሁትም ያው ነው። ባለቤቴ ይሄንንም አላደረገም ነበር፣ እዚህ ላይ ብዙ አልናገርም ትዳር ነው።

እኛ ያሰብነው አራት ባለ ሰማያዊ መብራት ሶኬት፣ ላዩ ላይ ቮልቴጅ የሚያሳይ ቁጥር ያለው፣ ተጨማሪ ኢንቨርተር ነበር፣ ኦንላይን አይተን ልናዝ ነበር። ጋሼ ኢንቨርተሩን አስቀሩን፣ ከ12 ወደ 120 አውጥታችሁ መልሳችሁ ስልኩ ጋ ስታወርዱት መንገድ ላይ ይባክናል፣ ለስልክ ብቻ ከሆነ ቀጥታ ከ12 ይበቃችኋል አሉ። ሰማያዊውን መብራትም አስቀሩን። አንድም እማዬን እንቅልፍ ይነሳታል፣ ሁለተኛ ያቺ ትንሽ መብራት ስትበራ ነው የምትውለው፣ ያለማቋረጥ 0.02 አምፕር ብትወስድ እንኳ ካምፐሩ ግቢ ቆሞ ወር ሲሞላው ወደ 14 አምፕር ሰዓት በላች ማለት ነው። ባትሪያችን 80 ነው፣ የእርሳስ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ባይወርድ ነው የሚመከረው፣ ስለዚህ 14 ቀላል አይደለም። አንድ ሰው የሚሸጥላችሁን ነገር አትግዙ ሲላችሁ መቼም ታምኑታላችሁ።

በመጨረሻ የተገጠመው ሁለት ነው፣ ከአልጋው ግራና ቀኝ አንዳንድ፣ እያንዳንዱ አንድ የድሮውን ዩኤስቢ አንድ ዩኤስቢ ሲ የሚቀበል፣ ማብሪያ ማጥፊያ ያለው። ጋሼ ከመብሳታቸው በፊት መሳቢያውን ነቅለው ከኋላው ቧንቧም ሽቦም እንደሌለ በእጅ ባትሪ አዩ፣ የሚበሳው ቦታ ላይ ቴፕ ለጠፉ የግድግዳው ስስ እንጨት እንዳይሰነጠቅ፣ ከዛ 28 ሚሊ ሜትር አካባቢ በሆነ ክብ ፑንታ ቀስ ብለው። ሽቦውን ከማንበቢያ መብራቷ መስመር ጠለፉት፣ መጥለፊያው አጠገብ ደግሞ ለብቻዋ ትንሽ ፊውዝ አስገቡ። እኔ ናስትሮ ይዤ ቆሜያለሁ ላቀብላቸው፣ አገር ቤት ሁሉም ነገር በናስትሮ ነዋ። "ይሄ ቤት አይደለም እኮ የኔ እህት፣ መንገድ ላይ ሲንቀጠቀጥ ነው የሚኖረው፣ ናስትሮ በጋ ላይ ሙጫው ይለቃል" ብለው በፒንሳ የሚጨመቅ መገጣጠሚያ ገጠሙ፣ ላዩ ላይ ያለው ፕላስቲክ ሲሞቅ ሙጭጭ አድርጎ ይይዘዋል። ከዛ እያንዳንዱን ሽቦ እየጎተቱ ሞከሩት፣ አንዷ ስትለቅ ቆርጠው እንደገና ሠሯት፣ ማንም አላያቸውም ነበር እኔ ቡና ላቀርብ ስመለስ ነው ያየሁት።

የልጆቹን ተደራራቢ አልጋስ አልናቸው፣ እሱ ራሱን የቻለ መስመር ይፈልጋል፣ ዛሬ አላጣድፈውም፣ ለፀደይ እንቀጠር አሉ። የ120ውን ሶኬት አንዱን ቢያዩልን ብንልም አልነካም አሉ፣ ለሱ ላይሰንስ ያለው ሰው ፈልጉ ብለው። ይሄንን ወድጄላቸዋለሁ።

ዋጋውን ለምትጠይቁኝ፣ የዕቃ 64 ዶላር ከነደረሰኙ፣ የእጅ ደግሞ 120 ብቻ። ባለቤቴ ጨምሮ ሊሰጥ ሲል ተቆጡ፣ እንጀራና ሽሮ ግን በልተው ነው የሄዱት፣ ወሬ ይወዳሉ፣ ሁለት ሰዓት ተጨማሪ ያዙ።

ኦክቶበር ላይ ቅጠሉ ሲቀላ እዚያው ሼናንዶዋ ውስጥ ቢግ ሜዶውስ የሚባለው ካምፕ ሦስት ሌሊት አደርን። (ከሰሜን በኩል በፓርኩ መንገድ በስካይላይን ድራይቭ የምትሄዱ ሜሪስ ሮክ ዋሻ ቁመቱ 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው፣ የካምፐራችሁን ቁመት ጣሪያው ላይ ካለው ኤሲ ጋር ለኩ፣ እኛ ዋሻው አፍ ላይ ቆመን ነው የተከራከርነው።) እማዬ ማታ ስልኳን ራሷ ሰካች፣ ማብሪያዋን ራሷ ተጫነች፣ ሌሊቱን ሙሉ አልነቀለችም። ጠዋት ባትሪውን ስናየው ብዙም አልወረደም። ጋሼ ነግረውን ነበር፣ አንድ ስልክ ከዜሮ ቢሞላ አንድ ተኩል አምፕር ሰዓት ግድም ነው የሚወስደው፣ አራቱም ቢሞሉ ስድስት ነው፣ ባትሪ የሚጨርሰው በብርድ ሌሊት የማሞቂያው ፋን ነው፣ እሱን ቀንሳችሁ ብርድ ልብስ ጨምሩ ብለውናል። እውነትም ሦስተኛው ሌሊት በጣም ስለበረደን ማሞቂያውን ሳናጠፋው አደርንና ጠዋት ፓምፑ ማቃሰት ጀመረ። ያ የኛ ጥፋት ነው።

ጋሼ እጅዎ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥልን። እማዬም መርቃዎታለች፣ ከኔ ምርቃት የሷ ይሻላል።

ካምፐር፣ ፉድ ትራክ፣ ቫን ያላችሁና የ12 ቮልት ሥራ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ። የሚሠሩት እሁድ ከቅዳሴ በኋላና ሰኞ ብቻ ነው፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ አይርቁም። ከመደወላችሁ በፊት ግን የፊውዝ ሳጥናችሁን ከፍታችሁ ፎቶ አንሱት፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።