የጃክሰንቪሉ ሹፌር አልባ የከተማ ትራንስፖርት በባሕር ዳር ተሳፋሪ ዓይን

በአሜሪካ የፍሎሪዳ ግዛት የምትገኘው ጃክሰንቪል ራሳቸውን የሚነዱ ቫኖችን በመሀል ከተማዋ ለሕዝብ ትራንስፖርት ያሰማራችው ሰኔ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። አገልግሎቱ «ናቪ» ይባላል፤ በከተማዋ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ሥር ያሉ 14 የኤሌክትሪክ ፎርድ ቫኖች፣ በቤይ ጎዳና ላይ 5.6 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን መስመር፣ 12 ፌርማታዎችን እያዳረሱ ይመላለሳሉ። ዘመድ ጥየቃ ወደዚያች ከተማ በሄድኩበት ጊዜ ደጋግሜ ስለተሳፈርኩበት፣ ለባሕር ዳርና ለሌሎቹ የጎጃም ከተሞች ተሳፋሪ የሚሆን ነገር እንዳለው ለማሳየት ይህን አስተያየት ጽፌአለሁ። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ አገልግሎቱ ጥሩ ነው፤ ጥሩ ያደረገውም ከሁሉ በላይ ፌርማታውና ሰዓቱ የታወቀ መሆኑ፣ አቅመ ደካማውንም እንደማንኛውም ሰው ማሳፈሩ ነው።

ቫኑ ከውጭ ሲታይ እኛ ከምናውቀው ሚኒባስ ብዙ አይለይም። በአካሉ ላይ ካሜራዎች፣ ራዳርና በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለውለታል። ውስጡ ከገቡ በኋላ ግን ዓይን መሪው ላይ ይቀራል፤ ማንም ሳይነካው ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ይመለሳል፣ ቀጥ ይላል። በሹፌሩ መቀመጫ ላይ የተቀመጠ ሠራተኛ አለ፤ ሥራው መንገዱን መከታተልና አስፈላጊ ሲሆን መሪውን መረከብ ነው። ስለዚህ «ሹፌር አልባ» የሚለው ስም ገና በሙሉ ልብ የሚነገር አይደለም፤ ይህን ግን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ሰውን የጫነ ማሽን በሰው ዓይን ሥር ቢቆይ ይሻላልና።

ከሁሉ ልቤን የነካው ከአንድ ፌርማታ በተሽከርካሪ ወንበር የመጡ አንዲት አሮጊት የተሳፈሩበት ሁኔታ ነበር። በሩ ሲከፈት መወጣጫው ተዘረጋ፣ ሠራተኛው ከመቀመጫው ተነሥቶ ወንበሩን ወደ ውስጥ አስገባና በቀበቶ ከወለሉ ጋር አሰረ፤ ከዚያም መታሰሩን በእጁ እየጎተተ ካረጋገጠ በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። ማንም «ቶሎ በሉ» አላለም፤ ቫኑም እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። በእኛ ከተማ እንዲህ ያሉትን እናት «እማማ፣ ቀስ ይበሉ» ብሎ ደግፎ የሚያሳፍር ረዳት አይጠፋም፤ የረዳቱ ደግነት ግን መወጣጫ በሌለው ሚኒባስ ላይ ተሽከርካሪ ወንበር አያሳፍርም። መሪውን ማሽን ቢይዘውም ሰውን የማስተናገዱ ሥራ በሰው እጅ መቅረቱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ቴክኖሎጂ ወደ አገራችን ቢመጣ ሹፌሩና ረዳቱ እንጀራ ያጣሉ ለሚለው ስጋት፣ ሥራቸው ይለወጣል እንጂ መጥፋት የለበትም ብዬ መከራከር እችላለሁ።

ሁለተኛው ትልቅ ነገር ቫኑ እስኪሞላ የማይጠብቅ መሆኑ ነው። ከፔዳ ወደ ገበያ ወይም ወደ አባይ ማዶ ለመሄድ ሚኒባስ ውስጥ የተቀመጠ የባሕር ዳር ሰው፣ የመጨረሻው ወንበር እስኪያዝ ድረስ የሚያልፈውን ጊዜ ያውቀዋል፤ ተራ አስከባሪው ይጣራል፣ ረዳቱ «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፣ ተሳፋሪው ሰዓቱን ያያል። ሲመሽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና ትርፍ ይጫናል። ጥፋቱን በሹፌሮቹ ላይ ብቻ መጫን አግባብ አይመስለኝም፤ የዕለት ገቢ ለባለ ንብረቱ ማስገባት ያለበት ሰው ባዶ መኪና ይዞ በሰዓት መነሣት አይችልም። ናቪ በሰዓቱ የሚነሣው የሕዝብ ገንዘብ ወጪውን ስለሚሸፍንለት ነው፤ ለዚህ ደግሞ ማሽን አያስፈልግም፣ የከተማ አስተዳደር ውሳኔ እንጂ።

ወጪው ግን ከባድ ነው። መስመሩን ለመዘርጋት 65 ሚሊዮን ዶላር ወጥቷል፤ ለአምስት ኪሎ ሜትር ከምናምን መንገድ ይህ እጅግ ብዙ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት በነጻ ካገለገለ በኋላ የወጣለት ታሪፍ 1.75 ዶላር ነው፤ ይህም በዛሬው ምንዛሪ ከ200 ብር በላይ ይሆናል። ሲጀመር የወጣው መርሐ ግብር ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ብቻ መሆኑም ማታና ቅዳሜ እሑድ የሚሠራውን ሰው ይጎዳል። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1989 ስካይዌይ የተባለ፣ ያለ ሹፌር በአየር ላይ ሐዲድ የሚሄድ ባቡር ከፍታ ነበር፤ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው ይህ መስመር የታሰበለትን ያህል ተሳፋሪ ሳያገኝ ዓመታት አልፈውታል። አዲሱ ዕቅድ ያንኑ የአየር ላይ መንገድ ለቫኖቹ ማዋልንና ወደ መኖሪያ ሰፈሮች መዝለቅን ይጨምራል። በእኔ አስተያየት የናቪ ዕጣ የሚለየው ሰፈሮቹ ጋ በመድረሱና ባለመድረሱ ነው።

ባሕር ዳር ላይ ዛሬ ይሠራል ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ፣ አይሠራም እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2017 በላስ ቬጋስ አንድ ሹፌር አልባ አነስተኛ አውቶቡስ ሥራ በጀመረበት ዕለት ወደ ኋላ የሚሄድ የጭነት መኪና ገጭቶታል፤ ጥፋቱ የጭነት መኪናው ሹፌር ነበር፣ አውቶቡሱም እንደታዘዘው ቆሟል፤ ሰው ቢነዳው ኖሮ ግን ክላክስ ነፍቶ ወይም ትንሽ ወደ ኋላ ብሎ ያመልጥ ነበር። የእኛ መንገድ ደግሞ ከሞላ ጎደል በመጠቃቀስ የሚኬድበት ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲሆን አህያው፣ ብስክሌቱ፣ ባጃጁና እግረኛው አንዱ ላንዱ በዓይን ጥቅሻ እየለቀቀ ያልፋል፤ በጥምቀት ታቦት ሲያልፍ መንገዱ የሰው ነው። ይህን ሁሉ ለማሽን ማስተማር ይቻል ይሆናል፤ መለዋወጫውስ? በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጥረት የቆሙት፣ ሹፌርና መንገድ ጠፍቶ አልነበረም።

ሆኖም ከናቪ ዛሬውኑ ልንወስደው የምንችለው ነገር አለ። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው የአባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ ሰፊም ነው። በዚህ ድልድይ ላይ ከአባይ ማዶ ወደ መሀል ከተማ በታወቀ ሰዓት የሚነሡ፣ መወጣጫ ያላቸው፣ ሹፌርም ረዳትም የያዙ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችን፣ ጥላ ባለው ፌርማታና በተለጠፈ መርሐ ግብር ማሰማራት የከተማው አስተዳደር አቅም የማይፈቅደው ሥራ አይመስለኝም። የኤሌክትሪክ ሚኒባሶች እንደሆኑ በአገራችን መንገዶች ላይ መታየት ጀምረዋል።

ጃክሰንቪል ዘመድ ኖሯችሁ የምትሄዱ፣ በሥራ ቀን መርሐ ግብሩን አስቀድማችሁ አይታችሁ ብትሳፈሩበት አትቆጩም። ወላጆቻችሁን ይዛችሁ ከሆነ ደግሞ ከፊት ለፊት አስቀምጧቸው፤ መሪው ሲዞር ያዩታል።