የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ከኢንፌክሽን ጥንቃቄ አንፃር

እናቴ የሐሞት ከረጢት ኦፕራሲዮን ስትሆን አስታማሚዋ እኔ ነበርኩ። ስለ አልጋውና ስለ ምግቡ ሌሎች ይጻፉ፤ እኔን ያሳሰበኝ ቁስሉ ነው።

ዝግጅታቸው በጣም ጥሩ ነው። በዋዜማው ገላዋን በሳሙና አስታጠቧት። ሆዷን ምላጭ አላስነኩም፤ ምላጭ ቆዳን ስለሚቧጭር ለጀርም በር ይከፍታል፣ የግድ ከሆነ ፀጉሩ በማሽን ነው የሚቆረጠው። አንቲባዮቲኩም ሆዷ ከመከፈቱ በፊት ተሰጣት። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ቀዶ ጥገናው ከመጀመሩ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ይሰጥ ይላል፤ ካለቀ በኋላ ለመከላከያ ብሎ መቀጠልን ግን አይመክርም። ዘመዶቻችን "መድኃኒት ሳያዙላት ሸኟት" ብለው ቢያጉረመርሙም ሐኪሙ ልክ ነው።

ቅር ያሰኘችኝ የማታዋ ተረኛ ነች። የጎረቤት ታካሚዋን ፋሻ በነካችበት ጓንት ወደ እናቴ መጣች። "እህቴ፣ እባክሽ ጓንቱን ቀይሪልኝ" አልኳት። ቀየረች፤ ግን እጇን በአልኮል ሳታሽ አዲሱን አጠለቀች። ጓንት እጅ ማጽዳትን አይተካም! ሳኒታይዘሩም በር ላይ ብቻ ነው የተሰቀለው፤ በየአልጋው ግርጌ ይቀመጥ እንጂ።

ስንወጣ ስፌቱ ከቀላ፣ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ካተኮሳት ቶሎ እንድንመለስ፣ ኢንፌክሽኑ እስከ 30 ቀን ድረስ ሊመጣ እንደሚችልም በደንብ አስረዱን። የሚደወልበት ስልክ ወረቀቱ ላይ አለ።

ለኦፕራሲዮኑ ዓይኔን ሳላሽ ሰው እልካለሁ። ማታ ማታ ግን አስታማሚ ከአጠገቡ አይለይ።