ካፕስ ሎክን ለማስቀየር ላፕቶፓችሁን አታስከፍቱ

ይህን የምጽፈው እኔ የገባሁበት ውስጥ ሌላ ሰው እንዳይገባ ነው። የላፕቶፓችሁን ኪቦርድ ለእጃችሁ እንዲመች ማስተካከል ፈልጋችሁ "እኛ እንሠራላችኋለን" የሚል ካገኛችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ።

ቀኑን ሙሉ ስጽፍ ነው የምውለው። ኮፒው፣ ፔስቱ፣ ሴቩ ሁሉ በኮንትሮል ነው። የኔ ላፕቶፕ ግን ታች ግራ ጥጉ ላይ ያለው ኤፍኤን (Fn) የሚል ቁልፍ ነው። ኮንትሮል ከሱ ቀጥሎ ይመጣል። ለዓመታት ሌላ ኪቦርድ የለመደችው ትንሿ ጣቴ ሁልጊዜ ኤፍኤን ላይ ታርፋለች። ካፕስ ሎክም ሳላስበው እየተነካ ያስቸግረኛል። የፈለግኩት ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ኤፍኤንና ኮንትሮል ቦታ ይለዋወጡ፣ ካፕስ ሎክ ደግሞ እንደ ኮንትሮል ይሥራ።

የጠየቅኩት ጥገና ቤት "ይሄ በሴቲንግ የሚሆን አይደለም፣ በልክ የተዘጋጀ ኪቦርድ መግጠም ያስፈልጋል" አለኝ። አመንኩ። በከፈልኩት ገንዘብ ደህና ማውስና ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ አንድ ላይ ይገዛ ነበር። ላፕቶፑ ተከፈተ፣ ሌላ ኪቦርድ ተገጠመ። ሞከርኩት፣ እንደፈለግኩት ሠራ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ያን ቀን ማታ የኪቦርዱ መብራት አልበራም። በብዙ ላፕቶፖች መብራቱ የራሱ ቀጭን ገመድ አለው። ወይ ሳይሰኩት ቀርተዋል፣ ወይ የገጠሙልኝ ኪቦርድ ከነጭራሹ መብራት የለውም። በማግስቱ ደግሞ ስፔስ ግራ ጫፉ ላይ ሲነካ እንደማይሰማ አየሁ።

እውነቱ የወጣው ግን ፓስወርድ ሳስገባ ነው። ተሳሳትኩና ሁሉንም መርጬ ለማጥፋት ካፕስ ሎክን ከኤ ጋር ተጫንኩ። ምንም አልተመረጠም፤ ካፕስ ሎኩ ራሱ በራ። ከገባሁ በኋላ ስሞክረው ግን እንደ ኮንትሮል ይሠራል። ይህ ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ኪቦርድ እኮ ፓስወርድ ገባ አልገባ ብሎ የሚያውቀው ነገር የለም። የተለየው ኪቦርዱ ራሱ ቢሆን ኖሮ የትም እኩል ይሠራ ነበር።

ታስክ ማናጀር ከፍቼ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን ፕሮግራሞች አየሁ። ፓወርቶይስ የሚባል አለ። ማይክሮሶፍት በነጻ የሚሰጠው ነው። ውስጡ ኪቦርድ ማናጀር የሚል ክፍል አለ፤ እዚያ "ካፕስ ሎክ ኮንትሮል ይሁን" ተብሎ ተሞልቷል። በቃ፣ ይኸው ነው። የሚሠራውም ከገባችሁ በኋላ ስለሆነ ፓስወርድ መጠየቂያው ላይ አይደርስም።

ኤፍኤን ትንሽ ይለያል። አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውስ ይህን ቁልፍ ጭራሽ አያየውም፤ የሚይዘው ላፕቶፑ ውስጥ ያለ መቆጣጠሪያ ቺፕ ነው። ስለዚህ ተራ ፕሮግራም አይቀይረውም። ነገር ግን እንደ ቲንክፓድ ያሉ ላፕቶፖች ባዮሳቸው (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ መሠረታዊ ሴቲንግ) ውስጥ ኤፍኤንና ኮንትሮልን የሚያለዋውጥ ምርጫ አላቸው። የኔም ላይ ነበረ። እነሱም የነኩት እሱን ነው። ደህናው ኪቦርዴ የተነቀለው ክፍያውን ትልቅ ለማስመሰል ብቻ ነበር። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

መንቀል ቀላል ነገር አይደለም። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ኪቦርዱ ከላይኛው ሽፋን ጋር በቀለጠ ፕላስቲክ የተያያዘ ነው። ሲነቀል ያ ፕላስቲክ ይሰበራል፣ ቀድሞ እንደነበረው አይመለስም። ዋስትናዬን ስጠይቅም "ውጭ የተቀየረ ዕቃ አንሸፍንም" ተባልኩ።

ማክ የምትጠቀሙ ሌላ ፕሮግራም እንኳ አያስፈልጋችሁም። ሲስተም ሴቲንግስ ውስጥ ኪቦርድ፣ ከዚያ ኪቦርድ ሾርትከትስ፣ ከዚያ ሞዲፋየር ኪስ ግቡ። ሊኑክስ ላይ ጂኖም የሚባለው ዴስክቶፕ ካላችሁ ጂኖም ትዊክስ ይበቃል። በሦስት ጣት ታችፓድ ሲነካ ምን እንደሚሆን፣ የማውስ ቀኝና ግራ መለዋወጥ፣ ቁልፍ ተጭኖ ሲቆይ በምን ፍጥነት እንደሚደጋገም፣ ሁሉም ሴቲንግ ውስጥ ናቸው። ለነዚህ አንድም ሳንቲም አታውጡ።

በየወሩ የሚያስከፍሉ የኪቦርድ ማስተካከያ ፕሮግራሞችንም አጥብቃችሁ ፈትሹ። ቁልፍ የሚቀይር ፕሮግራም የምትነኩትን ቁልፍ ሁሉ ያያል፣ ፓስወርዳችሁን ጨምሮ። ክራክ የተደረገውን ደግሞ በጭራሽ አትጫኑ። ቁልፍ ላይ የሚለጠፍ ስቲከርም መልኩን እንጂ የሚወጣውን ፊደል አይቀይርም። ቁልፎቹን ነቅሎ ቦታ ማለዋወጥም እንዲሁ ነው። የላፕቶፕ ቁልፍ ሥር ያሉት መያዣዎች ደግሞ ቀጫጭን ናቸው፣ ቶሎ ይሰበራሉ።

ከየትም ኮምፒውተር ጋር አብሯችሁ የሚሄድ ማስተካከያ ከፈለጋችሁ ገንዘባችሁን ለብቻው የሚሰካ ኪቦርድ ላይ አውሉት። ኪውኤምኬ (QMK) የሚባለው፣ ኪቦርዱ ውስጥ የሚጫን ነጻ ሶፍትዌር የሚሠራበት ከሆነ ለውጡ ኪቦርዱ ራሱ ውስጥ ይቀመጣል። ማውስ ስትገዙም ሴቲንጉ ማውሱ ላይ ይቀመጥ እንደሆነ ጠይቁ። ኪቦርዱ ውሃ ፈሶበት ወይም ቁልፎቹ ሞተው ከሆነ ማስቀየሩ ተገቢ ነው። ያኔም የዕቃው ቁጥር ከላፕቶፓችሁ ሞዴል ጋር መግጠሙን አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ዛሬውኑ ሪስታርት አድርጉና ፓስወርድ ከማስገባታችሁ በፊት ቁልፉን ሞክሩት። እዚያ ካልሠራ የተሸጠላችሁ ፕሮግራም ነው። ከሠራ ግን ገና አትመኑ፤ ዊንዶውስ ሬጅስትሪ (ዊንዶውስ ሴቲንጎቹን የሚያስቀምጥበት መዝገብ) ውስጥ የገባ ለውጥ እዚያም ይሠራል። ከዚያ ደረሰኛችሁን ይዛችሁ አሮጌው ኪቦርድ እንዲመለስላችሁ በቶሎ ጠይቁ። እኔ በሦስተኛው ቀን ስሄድ "ጥለነዋል" አሉኝ።