ባሕር ሳያይ መርከቤን ያስተካከለልኝ የጠባሴው ልጅ

ሰላም የሰሜን ሸዋ ሰዎች፣ በተለይ ደብረ ብርሃን ያላችሁ።

ሰው ሲያናድደኝ ወዲያው ነው የምጽፈው። ሲያስደስተኝ ግን ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ እረሳዋለሁ። ይሄኛው እንዲረሳ አልፈለግኩም። ጠባሴ አካባቢ የቤት ፕላን የሚሠራ አንድ ልጅ አለ። ስሜን እንዳትጽፍ ብሎ ለምኖኛል፣ ዓይን አፋር ነገር ነው። ሥራዬን አትጻፍ ግን አላለኝም።

እኔ አናጢ ነኝ። አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የኪችን ካቢኔት፣ እንዲህ እንዲህ ነው ሥራዬ። አባቴ ደግሞ ባሕር ኃይል ነበር፤ ምጽዋ ላይ፣ "ኢትዮጵያ" በምትባለው መርከብ ሞተር ክፍል ውስጥ። ዛሬ ደብረ ሲና ተቀምጦ፣ ጣርማ በርን ጭጋግ ሲሸፍነው "ባሕሩ እንዲህ ያደርግ ነበር" የሚል ሽማግሌ ነው። መርከቧ እ.ኤ.አ. በ1944 "ኦርካ" ተብላ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ የጀመረች፣ የባሕር አውሮፕላኖችን የምታገለግል ነበረች። ለእኛ የተሰጠችው ጥር 1954 ዓ.ም ነው፣ የማሰልጠኛ መርከብ ሆና አገለገለች፣ በ1983 ወደ የመን ሄደች፣ እዚያው ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። አባቴ ይቺን የመጨረሻዋን ነገር አይወዳትም። ሲነሳ ወሬ ይቀይራል።

እና ለእሱ መርከቧን ከመቶ አንድ አሳንሼ በእንጨት ልሠራለት አሰብኩ። ርዝመቷ ወደ 95 ሜትር ስለሆነ የእኔዋ 95 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች ማለት ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል። የመርከቧን ቀፎ፣ ማለትም ውሃ ላይ የሚያንሳፍፋትን ገላዋን፣ በኮምፒውተር ትሠራለህ፤ ከዚያ እንደ ዳቦ በአግድም ትቆራርጠዋለህ፤ እያንዳንዱን ቁራጭ በወረቀት አትመህ ኮምፔንሳቶ ላይ ለጥፈህ በመጋዝ ታወጣለህ፣ በኮላ ትደራርባለህ፣ በመላጊያና በብርጭቆ ወረቀት ትጨርሰዋለህ። የ1 ሳንቲ ሜትር ኮምፔንሳቶ 1 ሜትር መርከብ ነው። የእንጨቱ በኩል አላሳሰበኝም። የገደለኝ ኮምፒውተሩ ነው።

ድሮዊንጉን ከኢንተርኔት አገኘሁት፤ ከእሷ ጋር በአንድ ንድፍ የተሠሩ እህቶቿ ስላሏት። ዴልፍትሺፕ የሚባል ነፃ ሶፍትዌርም አወረድኩ። ይህ ሶፍትዌር ድሮዊንጉን ከኋላ እንደ ጥላ አስቀምጠህ፣ ላዩ ላይ የመርከቧን ቅርጽ እንድትሠራ ይፈቅዳል። ሁለት ወር ታገልኩ። አንድ ሌላ ቦታ (ስም አልጠራም) ገንዘብ ከፍዬ አሠራሁ፤ የሰጡኝ ነገር ከጎን ሲታይ መርከብ ነው፣ ከላይ ሲታይ ድንች ነው።

በኋላ አንድ ደንበኛዬ "ጠባሴ የቤት ፕላን የሚሠራውን ልጅ ጠይቀው" አለኝ። ሄድኩ። ክፍሉ ሁለት ሰው ካስገባ ሦስተኛው በር ላይ ይቆማል። ድሮዊንጉን ሳሳየው ዝም ብሎ ብዙ አየው። "ጋሼ፣ እኔ ባሕር አይቼ አላውቅም" አለኝ። አለቀልኝ ብዬ ልነሳ ስል "ግን ይሄ እኮ ቤት ነው" ብሎ ወንበሩን ሳበልኝ።

የቤት ፕላን ከላይ ይታያል፣ ከጎን ይታያል፣ ተቆርጦ ይታያል። መርከቧም ያው ሦስት እይታ ነው ያላት፤ የጎኗ፣ የላይዋ፣ ደግሞ እንደ ጎመን የተከተፈች ያህል ከፊት ወደ ኋላ የተቆረጠችበት። ሰዎች ለእሱ የሚያመጡለት የሠላሳ ዓመት የተጨማደደ የቤት ፕላን ነው፤ ስካን አድርጎ፣ አቅንቶ፣ በትክክለኛው ስኬል ከኋላ አስቀምጦ ላዩ ላይ መሣል የዕለት እንጀራው ነው። መርከብ ስለሆነ ምንም አልተለወጠም።

መጀመሪያ ያደረገው ነገር እኔ በሁለት ወር ያላደረግኩት ነው፤ ለካ። ሶፍትዌሩ ላይ የመርከቧን ወርድ በማውዝ ከዳር እስከ ዳር ለካና "ስንት መሆን ነበረበት?" አለኝ። 12.5 ሜትር አልኩት። ስክሪኑ ላይ 13 ነው የሚለው። እኔ "ትንሽ ነው፣ ምን ችግር አለው" አልኩ። እሱ ግን ቀና ብሎ አየኝና "ጋሼ፣ 50 ሳንቲም የበዛበት በር ትገጥማለህ?" አለኝ። አልገጥምም።

ስህተቱ የት እንደነበር ታውቃላችሁ? 95 ሜትር የመርከቧ ሙሉ ርዝመት ነው፣ ከአፍንጫዋ ጫፍ እስከ ኋላዋ ጫፍ። ውሃው በሚነካት መስመር ላይ ግን ወደ 91 ሜትር ነው የምትረዝመው። እኔ ስኬል ስሰጥ ጠቅ ያደረግኩት የውሃውን መስመር ሁለት ጫፎች ነው፣ የጻፍኩት ቁጥር ግን 95። ስለዚህ ሁሉም ነገር በመቶ 4 ገደማ አበጠ። ርዝመት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ ወርዱም ጥልቀቱም አብሮ ያብጣል፤ ሦስቱ ሲባዙ ውሃ ውስጥ ያለው ገላዋ በመቶ 12 ገደማ ይበዛል። መርከብ የምትመዝነው ደግሞ ይህ ገላዋ የሚገፋውን ውሃ ያህል ነው። መርከቧ ሙሉ ጭነት ስትይዝ ወደ 2,750 ቶን ነበረች። የእኔዋ ከ3,000 አልፋለች። ሶፍትዌሩ ይህንን ቶን ራሱ ያሰላል፣ እኔ ግን ያ ገጽ ለኢንጂነር ነው ብዬ ከፍቼው አላውቅም ነበር። ልጁ ከዚያ በኋላ ሥራው ትክክል መሆኑን የሚያየው በእሱ ነው። እንደ ሚዛን።

ሁለተኛው ስህተቴ ያሳፍራል፣ ግን ይጻፍ። የተቆረጠችበት ሥዕል ላይ ግራው ከቀኙ አይመሳሰልም፤ አንዱ ወፍራም፣ አንዱ ቀጭን። እኔ አሜሪካኖቹ አንድ ጎኗን ለምን እንዳወፈሩት ሳሰላስል ከርሜአለሁ። ለካ መርከብ ግራና ቀኟ አንድ ስለሆነ ቦታ ለመቆጠብ ግማሽ ግማሹን ነው የሚሥሉት፤ በአንድ ወገን የኋላዋ ቁርጦች፣ በሌላው የፊቷ። ልጁ ይህን ሲያስረዳኝ አልሳቀም። እኔ ነኝ የሳቅኩት።

ስለ ፎቶም ልንገራችሁ። አንዱን ገጽ ወረቀት ላይ አትሜ በስልኬ አንስቼ ነበር ያስገባሁት። ከስክሪኑ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አስጠግቶ አሳየኝ፤ የድሮዊንጉ ጠርዝ እንደ ቀስት ጎብጧል። የስልክ ሌንስ ዳር ዳሩን ያጎብጠዋል፣ ትንሽ ዘንበል ብለህ ካነሳኸው ደግሞ አንዱ ጫፍ ይጠብባል፣ ያንን በስኬል አታስተካክለውም። በስካነር አስገባው። ስካነሩንም አላመነም፤ በርዝመትም በቁመትም ለየብቻ ለካ፣ ምክንያቱም አሮጌ ወረቀት በአንድ በኩል ይሳባል። ከዚያ ሦስቱንም እይታዎች በአንድ ዜሮ ነጥብ አሰረ፤ የኋላዋ መነሻ ላይ፣ ታች የኪሏ (ከታች እንደ አከርካሪ የሚሄደው ብረቷ) መስመር ላይ፣ መሐል ለመሐል። "ዜሮው አንድ ካልሆነ ሦስት የተለያየ መርከብ ነው የምትሠራው" አለ። ሁለት ወር የታገልኩት ከሦስት መርከብ ጋር ነበር ማለት ነው።

ቅርጹን ሲሠራም ነጥብ ይሰስታል። እኔ ድሮዊንጉ ላይ ያለችውን እያንዳንዷን እጥፋት ለመከተል ነጥብ በነጥብ ሞልቼው ነበር፣ ቀፎዋ እንደ በረዶ የመታው ቆርቆሮ ሆነች። እሱ ሁሉንም አጥፍቶ በጥቂት ነጥብ ጀመረ። ከጥላው ትንሽ ብትርቅም ለስላሳ ትሁን፣ በኋላ እናስጠጋታለን ይላል። አናጢ ስለሆንኩ ይህቺ ገባችኝ፤ መጀመሪያ በመጥረቢያ፣ ቀጥሎ በመላጊያ ነው።

አንድ ቀን አባቴን ይዤው መጣሁ። ልጁ ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀለት፣ "አባባ፣ እርስዎ ይዩልኝ" አለ። አባቴ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። መርከቧን ልጁ ቀስ አድርጎ ሲያዞራት ምንም አላለም። የኋላዋ ጋ ስትደርስ "እዚህ ጋ አቁምልኝ" አለ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አሳርፎ "ፕሮፔለሩ እዚህ ነው፣ እኔ ከዚህ በላይ ነበር የምተኛው፣ ሌሊት ሌሊት ትራሴ ይንቀጠቀጥ ነበር" አለ። ልጁ አጠገቡ ተንበርክኮ በእርሳስ ይጽፋል። እኔ በር ላይ ነበርኩ፣ ሦስተኛ ሰው ስለሆንኩ።

የኅትመቱም ነገር አለ። ብዙ ቦታ ስታሳትሙ ማሽኑ ወረቀቱ ላይ እንዲበቃ ብሎ በራሱ ያሳንሰዋል፣ ስኬሉ በዚያው ይሞታል። ይህ ልጅ እያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ልክ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነች መስመር ይሥላል። ሲታተም በማስመሪያ ትለካታለህ። 9.7 ከሆነች ወረቀቱን ቅደደው። አሁን ለካቢኔት ሥራዬም ያለ እሷ አላሳትምም።

ያስከፈለኝ ካሰብኩት በጣም ያነሰ ነው። ጨምርበት ብለው እምቢ አለ፤ በመጨረሻ አባቴ ከደብረ ሲና አንድ ፌስታል ቆሎ ላከለትና እሱን ተቀበለ። ጉድለቱንም ልናገር፤ ስልክ አያነሳም፣ ነገ ካለ ከነገ ወዲያ ነው። ደርሶ የሚያስረክብህ ግን የተለካ ነገር ነው። የቤት ፕላን፣ የቆየ ድሮዊንግ ወደ ኮምፒውተር ማስገባት፣ ለብረት በርና ለእንጨት ሥራ ልክ ማውጣት፣ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፕሮጀክትም ይረዳል። መርከብ ያላችሁ ካላችሁም፣ ልምድ አለው።

የምትፈልጉት ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ እሱን ጠይቄ ቦታውን እነግራችኋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሂዱ፣ ጋቢ ያዙ፣ ክፍሉ ይበርዳል። ድሮዊንጉን ደግሞ በስልክ አንስታችሁ እንዳትሄዱ፤ ወረቀቱን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።